«የስ!» ብላ ሥራ ያጣችው የኩየራ ልጅ

ዛሬ የፍቅር ጉዳይ የለም። ያኮረፈ ፍቅረኛ እንዴት እንደሚለመንም አናወራም። (ቅር ያላችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ያድርሰን!) የዛሬው ወሬያችን ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ የትህትና ጥያቄ ነው። ሦስት ቃል ብቻ ናት፣ «ዉድ ዩ ማይንድ»። ሦስት ቃል ምን ታመጣለች እንዳትሉ። ደመወዝ ታስቀራለች!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኩየራ አንዲት እህታችን ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋልናለች። ዕድሜዋ 23 ነው። ኩየራን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ስትወርዱ አርሲ ነገሌን አልፋችሁ፣ ሻሸመኔ ከመግባታችሁ በፊት የምታገኟት ከተማ ናት። መኪናው ካልቆመ ሳታዩዋት ታልፋላችሁ። ግን ትንሽ ናት ብላችሁ እንዳትንቋት! አድቬንቲስቶች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትምህርት ቤት የከፈቱባት፣ ኋላም ኮሌጅ ያቋቋሙባት፣ ከየአቅጣጫው ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው አዳሪ ሊማሩ የመጡባት ከተማ ናት። ከዚህ የተነሳ «ያደግኩት ኩየራ ነው» ያለ ሰው «እንግሊዝኛማ እንደ ውሃ ነው የምትጠጣው!» መባሉ አይቀርለትም። ይጠጣው አይጠጣው ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ በሆቴል ሙያ ሠልጥና ወረቀቷን ይዛለች። ሐዋሳ ካሉት ሆቴሎች አንዱ እንግዳ ተቀባይ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አይታ ተመዘገበች። ለቃለ መጠይቅም ተጠራች። የእህቷን ቀሚስ ተውሳ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ተራዋን ጠብቃ ገባች። ጠያቂው አንድ ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ። ጥያቄው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። የት ተማርሽ፣ ምን ትችያለሽ፣ እንግዳ ቢቆጣ ምን ታደርጊያለሽ... ሁሉንም መለሰች። ሰውዬው ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጉድ፣ ጉድ» ይላሉ። (የእንግሊዝኛውን «ጉድ» ማለቴ ነው። የአማርኛው በኋላ ይመጣል!) በመጨረሻ እንዲህ አሏት፦

«ዉድ ዩ ማይንድ ወርኪንግ ናይት ሺፍትስ?»

እሷም ፊቷ በፈገግታ ተሞልቶ፦

«የስ ሰር! የስ፣ ኦፍ ኮርስ!»

ሰውዬው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። «ኦ... ኦኬ» አሉ። ወረቀታቸው ላይ አንድ ነገር ጫር አድርገው «እንደውልልሻለን» ብለው ሸኟት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት... ስልኩ ዝም። ኋላ እዚያው ሆቴል የምትሠራ የሰፈሯ ልጅ አጣርታ ስትነግራት ክው አለች። «እኔ እኮ የገረመኝ፣ ሥራ እየፈለግሽ ለምንድነው ማታ መሥራት አልፈልግም ያልሻቸው?»

ይታያችሁ! ልጅቷ «ከፈለጋችሁ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ አድራለሁ» ያለች ነው የመሰላት። ሰውዬው የሰሙት ደግሞ «አዎ፣ ማታ መሥራት ቅር ይለኛል፤ እንዴታ!» የሚል ነው። ያውም በፈገግታ!

ደብዳቤዋ ሁለት ጥያቄ አለው። «ምኑ ላይ ነው የተበላሸብኝ?» ይላል አንደኛው። ሁለተኛው «አሁን ሄጄ ላስረዳ ወይስ እፍረቴን ይዤ ልቀመጥ?» ነው። እስቲ የመጀመሪያውን እናፍታታው፤ ሁለተኛው ይደርሳል።

ትምህርት ቤት ሳለን «ዉድ ዩ ማይንድ» በትህትና መጠየቂያ ነው ተብለን ተምረናል። ውሸት አይደለም። ግን እኛ ጭንቅላት ውስጥ ሲገባ «እባክዎን» ሆኖ ተቀመጠ። «እባክሽን ማታ ትሠሪያለሽ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው መልሱ ምንድነው? «እሺ!» ነዋ። እዚህ አገር ተወልዶ «እሺ» የማይቀድመው ማን አለ? በኦሮምኛውም «ቶሌ» ከአፍ ጠብ ለማለት ሰከንድ አይፈጅበትም። «እሺ» ደግሞ በእንግሊዝኛ «የስ» ነው ብለን... ሄደ ሥራው!

ቃሉ ግን «እባክዎን» ማለት አይደለም። እዚህ ቦታ ላይ «ማይንድ» ማለት ቅር መሰኘት ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ቆርጣችሁ ግድግዳ ላይ ትለጥፉ ከሆነ ይህችን ለጥፉልኝ። «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲሏችሁ ጆሯችሁ «ቅር ይልሃል? ቅር ይልሻል? ቅር ይልዎታል?» ብሎ ይስማው። ከዚያ በኋላ መልሱ ራሱ ይመጣል። ልጅቷ በአማርኛ «ማታ ብትሠሪ ቅር ይልሻል?» ብትባል ምን ትል ነበር? «ኧረ በፍጹም! ኧረ ምን ቅር ይለኛል!» ያ ነው በእንግሊዝኛ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» የሚባለው። አያችሁ ጉዱን? (ይሄኛው የአማርኛው ጉድ ነው።) እሺ ለማለት «ኖ» ይባላል!

ለመሆኑ «ማይንድ» አእምሮ አይደለም እንዴ የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ስም ሲሆን ልክ ነህ ወንድሜ፣ አእምሮ ነው። ግስ ሲሆን ግን ልብ ማለት፣ መጠንቀቅ ይሆናል። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ማይንድ ዘ ጋፕ» እያሉ ተሳፋሪውን ያስጠነቅቃሉ። በባቡሩና በመቆሚያው መካከል ያለውን ክፍተት ልብ በሉ፣ እግራችሁ እንዳይገባ ማለታቸው ነው። በር ዝቅ ካለ «ማይንድ ዩር ሄድ» ይላሉ፤ ጭንቅላትህን እንዳትመታ። ልጅ መጠበቅም «ማይንድ» ነው። እና አንድን ነገር ልብ ልብ ስትለው ምን ይሆናል? ይከነክንሃል፣ ቅር ያሰኝሃል። ቃሉ ከመጠንቀቅ ወደ ቅሬታ የተሻገረው በዚህ በኩል ነው።

ለኩየራ ልጆች ደግሞ ይሄን ለመለማመድ ለንደን መሄድ አያስፈልግም፤ ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር እዚያው አጠገባቸው ነው። ጃንሆይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከጎናችን ለቆሙ በውጭ ለሚኖሩ ጥቁር ወገኖች በ1948 (እ.ኤ.አ.) አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው፣ እሳቸው በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ ወዲህ ራስታዎቹ እየመጡ የሰፈሩበት ቦታ ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ነው። አንዱን ራስታ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሲት ሂር?» በሉትና መልሱን ስሙት። «ኖ ፕሮብሌም!» ሊላችሁ ይችላል። «ኖ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እናንተም ቁጭ ትላላችሁ።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን ስሙልኝ። «ኖ» ትክክል ነው ብሎ የሸመደደም ሰው አይድንም!

ከሻሸመኔ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ አውቶቡስ ነው። ከኩየራ የተሳፈረ አንድ ወጣት ከአንድ ፈረንጅ ጎን ተቀምጧል። ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ፈረንጁ ላቡን ጠርጎ፣ «ዱ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ኦፕን ዘ ዊንዶው?» አለው። መስኮት! አውቶቡስ ላይ! እንደምታውቁት እኛ አገር የአውቶቡስ መስኮት የሚከፈት ነገር አይደለም። ሰው ሙቀት ቢገድለው ግድ የለውም፤ ንፋስ እንዳይመታው ብቻ ነው ጸሎቱ። ልጁ ከኋላ የተቀመጡትን እናት አየ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ተከናንበዋል። በፍጥነት እጁን እያወዛወዘ፣ «ኖ! ኖ! ኖ!» አለ።

ፈረንጁ ደስ አለው። «ታንክ ዩ ሶ ማች!» ብሎ መስኮቱን እስከ ጥጉ ከፈተው።

«ኧረ ብርድ አስመታን!» አለ ከኋላ አንዱ።

«አንተ ልጅ፣ ንገረው እንጂ! ተምረህ የለም እንዴ?» አሉ ባለ ጋቢዋ።

«ኖ ብዬዋለሁ እኮ እማማ! ሦስት ጊዜ ነው ያልኩት!»

ምን ያድርግ ልጁ? እሱ «ኖ» ሲል «አትክፈት» ማለቱ ነው። ፈረንጁ የሰማው «ኧረ ቅር አይለኝም፣ ቅር አይለኝም፣ ቅር አይለኝም» ነው። ሦስት ጊዜ ስለተባለለት እንዲያውም የአገሩን ሰው ደግነት ሳያደንቅ አልቀረም። ባቱ እስኪደርሱ ንፋሱ አልቀረላቸውም አሉ።

እንግዲህ ቅር ሲለን ምን እንበል? «የስ» ነው በሕጉ። ግን «የስ፣ አይ ዱ ማይንድ» ብሎ ፊት ለፊት መናገር በእንግሊዝኛም ጥፊ ነው። በአማርኛ አንድ ሰው «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልሃል?» ቢላችሁ «አዎ፣ ቅር ይለኛል!» ትሉታላችሁ? ከተጣላችሁ ብቻ ነው እንጂ «ይቅርታ፣ ሰው አለበት» ነው የምትሉት። እነሱም እንደዚሁ ናቸው። «ሶሪ» ብለው ምክንያቱን ያስከትላሉ። ያ ወጣት «ሶሪ፣ ኢት ኢዝ ኤ ቢት ኮልድ ፎር ዘም» ብሎ ወደ ኋላ ቢያመለክት ኖሮ እማማም አይበርዳቸው፣ ፈረንጁም አይቀየም ነበር። «የስ» ወይም «ኖ» የምትለዋን ጭራሽ ሳይነኩ ማለፍ ይቻላል።

ለመፍቀድም ያው ነው። «ኖት አት ኦል»፣ «ኦፍ ኮርስ ኖት»፣ «ኖ፣ ጎ አሄድ» ማንኛውም ይሠራል። ልብ በሉ፣ «ኦፍ ኮርስ» እና «ኦፍ ኮርስ ኖት» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የእህታችንን ነገር ያባባሰውም ይሄ ነው። «የስ» ብላ ብታቆም ኖሮ ሰውዬው ምናልባት ይጠራጠሩ ነበር። «ኦፍ ኮርስ» ስትጨምርበት ነገሩን በምስማር መታችው!

ጠያቂ ስትሆኑ ደግሞ አንድ ነገር አትርሱ። ሌላው ሰው እንዲያደርግላችሁ ስትፈልጉ ከ«ማይንድ» በኋላ የሚመጣው ግስ ጫፉ ላይ «ኢንግ» ይለጠፍበታል። «ዉድ ዩ ማይንድ ኦፕኒንግ ዘ ዶር?» በሩን ብትከፍትልኝ ቅር ይልሻል? ማለት ነው። «ቱ ኦፕን» የሚባል ነገር እዚህ አይገባም። እናንተው ልትከፍቱ ከሆነ ግን «ኢፍ አይ» ይመጣል። «ዱ ዩ ማይንድ» ካላችሁ «ኢፍ አይ ኦፕን»፣ «ዉድ ዩ ማይንድ» ካላችሁ ደግሞ «ኢፍ አይ ኦፕንድ»። የኋለኛው ግሱ ያለፈ ጊዜ መስሎ ቢታይም የሚያወራው ገና ስላልተደረገ ነገር ነው። የእኛው «ብከፍት» «ብትከፍት» እንደሚለው ማለት ነው፤ ማዕረግ ያለው አነጋገር።

ማዕረግ ካነሳን አይቀር፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ይሄን ያህል ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኛ «አንተ» አለን፣ «አንቺ» አለን፣ «እርስዎ» አለን። አንድ ፊደል ቀይረን ክብር እንሰጣለን፤ «ክፈት» እና «ይክፈቱ» በቂ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለልጁም ለአለቃውም ለንጉሡም አንድ «ዩ» ብቻ ነው የቀረው። ድሮ ለቅርብ ሰው «ዛው» የምትባል ቃል ነበረቻቸው፤ ዛሬ በየቀኑ ንግግር የለችም፣ በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስና በመዝሙር ውስጥ ነው የምናገኛት። እና «እርስዎ» የሌለው ሰው ክብሩን የት ያስቀምጠው? ዙሪያውን ሄዶ «ይሄን ብታደርግ ቅር ይልህ ይሆን?» ይላል። የእኛ ሽማግሌዎች «ባላስቸግርህ ልጄ» ከሚሉት ብዙ አይርቅም።

የሚገርመው ነገር ፈተና ላይ ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው አይስተውም። የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ የሚያሳዩ፣ ክፍት ቦታ ሙሉ የሚባሉ ጥያቄዎች አሉ። እዚያ ጋ «ዉድ ዩ ማይንድ» ካለ «ኖት አት ኦል» ያለበትን ፈልጎ ማጥቆር ነው፤ ተማሪ ለተማሪ የሚወራረሰው ዘዴ ይህ ነው። እኔም 12ኛን የጨረስኩት እንዲሁ ነው። ግን ምርጫው ተደርድሮ ፊታችሁ በማይቀመጥበት ቦታ፣ ሰውዬው ዓይን ዓይናችሁን እያዩ ሲጠይቁ፣ እጅ ያጠቆረውን አፍ አያስታውሰውም። ስለዚህ ጮክ ብላችሁ ተለማመዱት። እቤት ውስጥ ወንድም ከእህት፣ ካፌ ውስጥ ጓደኛ ከጓደኛ «ዉድ ዩ ማይንድ ፓሲንግ ዘ ሹገር?» «ኖት አት ኦል!» ተባባሉ። አስተናጋጁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

የዚህች ቃል ዘመዶችም አሉ፣ እነሱም ሰው ያጣላሉ። «ኔቨር ማይንድ» አንዷ ናት። ሰው «ሶሪ» ሲላችሁ «ተወው፣ ግድ የለም» ለማለት ነው። «ዉድ ዩ ማይንድ» ላላችሁ ሰው «ኔቨር ማይንድ» ብላችሁ ብትመልሱ ግን ግራ ገብቶት ያያችኋል። ከሁሉ የከፋችው «አይ ዶንት ኬር» ናት። ፈረንጅ ጋብዟችሁ «ቡና ነው ሻይ?» ሲላችሁ በአማርኛ «ግድ የለኝም» እንላለን አይደል? ያንን በቀጥታ «አይ ዶንት ኬር» ብላችሁ ከተረጎማችሁ «ምን አገባኝ!» ብላችሁ ሰደባችሁት ማለት ነው። «አይ ዶንት ማይንድ» በሉ። ሁለቱም ቢሆኑ ቅር አይለኝም፣ አንተ ምረጥ ማለት ነው። አንዲት ቃል ስትቀየር ስድቡ ጨዋነት ይሆናል።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ሥራ ፈላጊዎች ጆሯችሁን ስጡኝ። ጠያቂው «ዩ ዶንት ሃቭ ኤክስፒሪየንስ?» ይላል። ልምድ የላችሁም እንበል። በአማርኛ «ልምድ የለህም?» ሲባል «አዎ፣ የለኝም» ብንል ማንም አይደናገርም። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ካላችሁ «አለኝ» ማለታችሁ ሊመስል ይችላል። ቀጥሎ «የት ሠራህ?» ይመጣና ውሸታም ትባላላችሁ። ልምድ ከሌላችሁ «ኖ፣ አይ ዶንት»፣ ካላችሁ «የስ፣ አይ ዱ»። ጥያቄው በ«የለህም» ይምጣ በ«አለህ»፣ የእናንተ መልስ ያው ነው።

አሁን ፍርድ ከተባለ፣ ጥፋቱን ሁሉ ልጅቷ ላይ መከመር ልክ አይመስለኝም። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች ራሳቸው «ዉድ ዩ ማይንድ» ሲባሉ «ሹር!» ወይም «የህ፣ ጎ አሄድ!» የሚሉበት ጊዜ አለ። ሰሚውም ከድምፁ፣ ከፊቱና «ጎ አሄድ» ከምትለዋ ነገሩን ይረዳዋል። ያ ጠያቂ ሥራ ፈልጋ የመጣች ልጅ እየሳቀች «አዎ፣ በጣም ቅር ይለኛል!» እንደማትል ጠፍቷቸው ነው? አንድ ጊዜ ደግመው «ሶ ዩ ካን ወርክ አት ናይት?» ቢሏት ሁለት ሰከንድ ነበር የሚፈጀው። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ኖሩ እንጂ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው፤ የእኛን «እሺ» ያውቁታል!

እና እህቴ፣ ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ እንምጣ። ሂጂ። በስልክ አይሁን፣ በአካል ሂጂ። እፍረቱን ተይው፤ ሰውዬው ያንቺን ስም እንኳ ረስተውት ይሆናል። ገብተሽ ጤና ይስጥልኝ ካልሽ በኋላ ረጅም ታሪክ አትጀምሪ። እንዲህ በያቸው፦ «ሰር፣ ዌን ዩ አስክድ ሚ አባውት ናይት ሺፍትስ፣ አይ ሴድ የስ። አይ ሜንት አይ ዶንት ማይንድ። አይ ካን ወርክ አት ናይት።» ሦስቱንም ዓረፍተ ነገር መስታወት ፊት አሥር ጊዜ በያቸው። የማታው ነገር ራሱ የሚያሳስብሽ ከሆነም አትደብቂው። ከሐዋሳ ኩየራ ሌሊት በምን ይገባል? «ኢዝ ዘር ትራንስፖርት አፍተር ዘ ሺፍት?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው፤ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ሥራውን የምሩን እንደሚፈልገው ያስታውቃል።

ቦታው ተይዞ ከሆነ ስልክ ቁጥርሽን እንደገና ትተሽላቸው ውጪ፤ እንግዳ ተቀባይ ሁልጊዜ ይቀያየራል። ምናልባት ጸሐፊዋ በር ላይ «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ ኤ ሞመንት?» ብትልሽ ደግሞ መልሱን አሁን ታውቂዋለሽ። በያት፣ ቁጭ በይ፣ ጠብቂ።